ብዙ ልጆች ይዞ በመጸው መጓዝ፦ በዓሉ፣ ጾሙና የቤት ትምህርቱ ሳይስተጓጎሉ

ይህ መመሪያ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ፣ አምስትም ስድስትም ልጆች ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ወላጆች ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የዓመቱ ምርጥ ወቅት ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ተራራው ቀለም ይለብሳል፣ ሌሎች ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚውሉም ማክሰኞና ረቡዕ የትም ቢሄዱ ግፊያ የለም። አስቸጋሪው ነገር ሦስት የቀን አቆጣጠሮች አብረው መምጣታቸው ነው፤ የትምህርት ዲስትሪክቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የቅጠሉ። ሦስቱ አንድ ወረቀት ላይ ሳይሰለፉ ካቢን መከራየትም ተርኪ መግዛትም ገንዘብ መጣል ነው።

ሁሉም ከወረቀቱ ይጀምራል

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ካርቶን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ሦስት ዓምድ አስምሩበት። የሚከተሉት ቀኖች የ2019 ዓ.ም. ናቸው።

እንቁጣጣሽ ዓርብ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ይውላል። ዓርብ ጾም ስለሆነ ዶሮው ለቅዳሜ ይተላለፋል፤ ዓርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት አበባ ለቀማና የሥዕል ስጦታ ይሁን። ደመራ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 26፣ መስቀል እሑድ 27 ነው። ጽጌ ጾም መስከረም 26 (ኦክቶበር 6) ገብቶ ኅዳር 5 (ኖቬምበር 14) ያበቃል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ማለትም ኖቬምበር 24 ይገባል። በቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ስለሚውል እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ። የዘንድሮውን ወረቀት ለከርሞ አትቅዱት።

አሁን ቅጠሉን ጨምሩ። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከፍተኛ ቦታዎች ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበር አጋማሽ ይደምቃል፤ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ እስከ ኦክቶበር መጨረሻና ኖቬምበር መጀመሪያ ይዘልቃል። ይህ ማለት የቅጠሉ ወቅት ሙሉ በሙሉ ጽጌ ጾም ውስጥ ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ የሚጾመውና የማይጾመው በአንድ መኪና ሊጓዙ ይችላሉ። ስለዚህ የመንገዱ ስንቅ በሙሉ የጾም ቢሆን ይሻላል፤ ሁለት ዓይነት ምሳ ማሸግ ለስምንት ሰው አድካሚ ነው። የኮሎምበስ ቀን የሚባለው ረጅሙ የሳምንት መጨረሻ (ዘንድሮ ከኦክቶበር 10 እስከ 12) በፓርኩ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ስላለበት ወረቀቱ ላይ በቀይ ሰርዙት።

ተርኪ የሚበላበት የታንክስጊቪንግ በዓል የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ ከጥቂት ዓመታት በስተቀር የነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ብዙ ቤት በየዓመቱ እዚህ ላይ ይነታረካል፣ ልጆችም በመሐል ግራ ይጋባሉ። መፍትሔው በሁለቱ ጾሞች መካከል ያለውን ክፍተት መጠቀም ነው። ከኖቬምበር 15 እስከ 23 ዘጠኝ ቀን አለ፣ ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል ደግሞ ቅዳሜ ኖቬምበር 21 ይውላል። የቤተሰቡ የተርኪ ግብዣ ያን ቀን ይሁን። 7 ኪሎ የሚመዝን በረዶ የሆነ ተርኪ ፍሪጅ ውስጥ ለመፍታት ከ3 እስከ 4 ቀን ስለሚፈልግ ማክሰኞ 17 ከፍሪዘር ይውጣ። ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፣ ውስጡ በረዶ እንደሆነ ላዩ ይበላሻል። ሐሙስ 26 ጎረቤት ከጋበዛችሁ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ዱባ ወጥ ይዛችሁ ሂዱ። ለዱባ ወጥ ለሃሎዊን የሚፈለፈለውን ትልቁን ዱባ አትጠቀሙ፤ ውሃ ስለሚበዛው ወጡ ይቀጥናል። ባተርነት የሚባለው ረጅሙ ዱባ ይጠብቃል፣ ጣፋጭም ነው።

የትምህርቱ ወረቀት

በቨርጂኒያ ቤት ውስጥ የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 (ነሐሴ 9፣ ገና ፍልሰታ ሳይፈታ) ለትምህርት ዲስትሪክቱ ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) በጽሑፍ ያሳውቃል። ከደብዳቤው ጋር ልጁ የሚማራቸው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝርና ወላጁ ለማስተማር ብቁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይያያዛል፤ ለብዙዎች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይበቃል። ዲፕሎማው ከኢትዮጵያ ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉሙን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ በመጨረሻው ሳምንት የሚሯሯጥ ሰው ይቸገራል። በዓመቱ መጨረሻ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም የግምገማ ደብዳቤ ይገባል። እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 6 ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህ የመሻሻል ማስረጃ አይጠየቅም።

ሜሪላንድ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ትምህርቱ ከመጀመሩ 15 ቀን በፊት ማሳወቅ፣ ከዚያም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት የተማሩበትን ሥራ በፋይል ይዞ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ግምገማው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለተጓዥ ቤተሰብ ይህ መልካም ዜና ነው። ተራራ ላይ የተሳለ ቅጠል፣ የተለካ ርቀትና የተጻፈ ገጽ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ቀንና የልጁ ስም ካልተጻፈበት ግን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክሊፕቦርድና 20 ገጽ ባዶ ወረቀት ስጡ፣ ከመኪና ሳይወርዱ በፊት ቀኑን በኢትዮጵያም በአሜሪካም አቆጣጠር ይጻፉበት። ሁለቱን ቀን መጻፍ ራሱ የሒሳብ ትምህርት ነው።

ተራራው

በሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ የተባለ የመኪና መንገድ 105 ማይል (169 ኪሎ ሜትር) ርዝመት አለው፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። መግቢያዎቹ አራት ናቸው። ከዲሲ አካባቢ ለሚነሳ ሰው ፍሮንት ሮያል ይቀርባል፤ ቶርንተን ጋፕ ግን ወደ ጥሩ ጥሩዎቹ የእግር መንገዶች ቶሎ ያደርሳል። በኦክቶበር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት በር ላይ ካልደረሳችሁ ልጆቹ ሰልፍ ላይ ይሰለቻሉ። ረጅም ቫን ከነጣሪያ ሣጥኑ የምትነዱ ከሆነ ከቶርንተን ጋፕ በስተደቡብ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 3 ሜትር ከ86 ሳንቲም መሆኑን አስታውሱ፤ ሚኒቫንና ባለ 12 ሰው ቫን በሰላም ያልፋሉ።

የመግቢያ ክፍያው በመኪና ስለሆነ ብዙ ሰው ላለበት ቤተሰብ ርካሽ ነው፤ በ2025 ለሰባት ቀን 30 ዶላር ነበር። ከዚያም የተሻለ መንገድ አለ። አራተኛ ክፍል የደረሰ፣ ማለትም 10 ዓመት አካባቢ የሆነ ልጅ ካላችሁ በኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ ፕሮግራም ነጻ መግቢያ ያገኛል፣ በመኪና በሚያስከፍሉ ፓርኮች አብረውት ያሉትም ሁሉ በዚያው ይገባሉ። ቤት ውስጥ የሚማር ልጅም መብቱ አለው። መግቢያው ከሴፕቴምበር እስከ ኦገስት ያገለግላል፤ ኢንተርኔት ላይ ሞልታችሁ በወረቀት አትሙት። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት በየሁለት ዓመቱ ገደማ አንዱ አራተኛ ክፍል ስለሚደርስ ይህን ዕድል ማሳለፍ ያሳዝናል።

ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚመረጡት ሁለት መንገዶች ናቸው። በመንገዱ ዳር ማይል 43 በሚለው ምልክት አካባቢ ያለው ሊምበርሎስት 1.3 ማይል ዙሪያ፣ ሜዳማና ጋሪ የሚገፋበት ነው። ስቶኒ ማን ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ሆኖ ወደ 100 ሜትር ያስወጣል፤ ከላዩ ሸለቆው በሙሉ ይታያል፣ ነገር ግን ጫፉ ገደል ስለሆነ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ የአንድ ትልቅ ሰው እጅ ይያዝ። ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ዝነኛ ነው፤ ችግሩ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት መሆኑ ነው፣ ጉልበት ሲያልቅ ሕፃን ማዘል ይመጣል። ሕፃን ያለው ሰው ቢተወው ይሻላል።

ተራራው ከሸለቆው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ስስ ሹራብ ከአንድ ወፍራም ጃኬት ይበልጣል፤ ሲራመዱ ይሞቃቸዋል፣ ሲቆሙ ይበርዳቸዋል። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም። ስለዚህ «ከተጠፋፋን» የሚለው ውል መኪናው ሳይነሳ ይነገር፦ የጠፋ ልጅ ባለበት ዛፍ ያቅፋል፣ ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ አይንቀሳቀስም። ትልልቆቹ ልጆች ከታናናሾቹ አንድ አንድ ይረከቡ፣ ቆጠራው በየማቆሚያው በስም ይሁን። በቁጥር የሚቆጥር ሰው የሌላ ቤተሰብ ልጅ ጨምሮ ሊቆጥር ይችላል።

መዥገርን በበጋ ብቻ የሚፈራ ሰው ይሳሳታል። የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው የአጋዘን መዥገር በኦክቶበርና በኖቬምበርም ንቁ ነው። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ማታ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ከጉልበት ኋላና የፀጉር ሥር ይታይ። የተሹሩባ ፀጉር በመሥመሩ መሐል በባትሪ ይፈተሽ። ተጣብቆ ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ዘይት መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል ጉዳት ያመጣል እንጂ አይጠቅምም።

ስንቅ

ለሁለት ቀን ስምንት ሰው የሚይዝ ዳቦ ቆሎ እንዲህ ይዘጋጃል፦ 1 ኪሎ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ (ለትንንሾቹ በስኳር ይተካ)፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይቱ ከዱቄቱ ጋር በእጅ ከታሸ በኋላ ውሃው ጥቂት በጥቂት እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። ጠንከር ያለ ሊጥ ሲሆን 10 ደቂቃ አሽታችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት። ከትንሽ ጣት በቀጠነ ገመድ አድቦልቡሉ፣ 1 ሳንቲም እያደረጋችሁ ቁረጡ፣ በ175 ዲግሪ ምድጃ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በየ10 ደቂቃው እያገላበጣችሁ ጋግሩ። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ሊጡ ከቀጠነ በስሎም አይሰባበርም፤ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ከተከደነ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። መቁረጡን ለልጆች ስጡ፤ «ስንት ሳንቲም ነው?» እያሉ መለካት ይለማመዱበታል።

እንጀራ ለረጅም ጉዞ የሚያዝ ከሆነ ድርቆሽ ይሁን። በሴፕቴምበር የቨርጂኒያ አየር እርጥበት ስላለው ፀሐይ ላይ ብቻ ያደረቁት ሊሻግት ይችላል። ቆራርሳችሁ በ95 ዲግሪ ምድጃ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ ሲጨብጡት እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቁት። ካቢን ስትደርሱ የሽንኩርቱን ቁሌት ለእርጥብ እንጀራ ፍርፍር ከምታደርጉት በእጥፍ ውሃ አቅጥኑት፤ ድርቆሽ ይጠጣል።

የአፕል ለቀማ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ ዊንቸስተርና ማርካም አካባቢ ብዙ እርሻ አለ። ጋላ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይደርሳል፣ ስቴይማን በኦክቶበር፣ ፉጂና ፒንክ ሌዲ ወደ ኦክቶበር መጨረሻ። አንድ ቡሽል 19 ኪሎ ያህል ነው፤ ስምንት ሰው ግማሽ ቡሽል በሁለት ሳምንት ይጨርሳል። ፍሬውን ወደ ታች መሳብ የከርሞውን እንቡጥ ይሰብራል። ወደ ላይ ገልበጥ አድርጎ መጠምዘዝ ነው፤ የደረሰ ከሆነ በቀላሉ ይለቃል። ቤት ሲገባ ከድንችና ከካሮት ይለይ፤ አፕል የሚያወጣው ኢታይሊን ጋዝ ድንቹን ሊያበቅል ይችላል፣ ካሮቱን ያመርራል።

መንገድ ላይ መማር

በጠመዝማዛ መንገድ መኪና ውስጥ ማንበብና መጻፍ ያስመልሳል። ጉዞው ላይ የአፍ ትምህርት ብቻ ይሁን፦ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ የቃል ሒሳብ። ስካይላይን ድራይቭ ዳር በየማይሉ የቆመው ምልክት ዝግጁ የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ቶርንተን ጋፕ ማይል 31.5፣ ቢግ ሜዶውስ ማይል 51 ነው፤ ልዩነቱ 19.5 ማይል። በ35 ማይል ፍጥነት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ታላቁ 33 ብሎ ይመልሳል፣ ታናሹ የማይሉን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፣ መካከለኛው በ1.6 አባዝቶ ወደ ኪሎ ሜትር ይለውጣል። አንድ ጥያቄ ለሦስት ክፍል ይበቃል፤ ብዙ ልጆች ለሚያስተምር ሰው ዋናው ስልት ይኸው ነው። ሁሉም በአንድ ርዕስ ይሥሩ፣ ጥልቀቱ ብቻ ይለያይ። ለስድስት ልጅ ስድስት የሳይንስ መጽሐፍ ተሸክሞ መሄድ ትከሻ ይጎዳል እንጂ አያስተምርም።

ካቢን ውስጥ የሚሠራው የጠረጴዛ ትምህርት ጠዋት ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል፤ ሒሳብ፣ ንባብና ፊደል። 33 የፊደል ቤቶች አሉ፤ በቀን አንድ ቤት ከነሰባት ድምፁ ከተጻፈ ከመስቀል ማግስት የጀመረ ልጅ በኦክቶበር 30 ይጨርሳል። ከሰዓት መጽሐፍ አይከፈትም። የፓርኩን የጁኒየር ሬንጀር መጽሐፍ ግን ከጎብኚዎች ማዕከል ውሰዱ፤ ልጁ ሞልቶ ሲያስረክብ ባጅ ይሰጠዋል፣ የሞላው ገጽም ፎቶ ተነሥቶ ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

ቅጠል ለምን ቀለም ይለውጣል? ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ማምረት ያቆማል፤ ያለው ሲፈርስ ተሸፍኖ የቆየው ቢጫ ካሮቲኖይድ ይወጣል። ቀዩ አንቶሳያኒን ግን በአብዛኛው ያን ጊዜ የሚሠራ ነው። ይህን በዓይን ማሳየት ይቻላል፦

1. ከግቢያችሁ አንድ እፍኝ አረንጓዴ፣ አንድ እፍኝ ቢጫ ቅጠል ሰብስቡ። ከብሔራዊ ፓርኩ ቅጠል መውሰድ ክልክል ነው።
2. ለየብቻ አድቅቃችሁ በሁለት ብርጭቆ አድርጉ፣ የፋርማሲ አልኮል (አይሶፕሮፒል) እስኪሸፍነው ብቻ ጨምሩ።
3. ብርጭቆዎቹን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ሙቅ የቧንቧ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ለ30 ደቂቃ አስቀምጡ። ምድጃ ላይ አይደረግም፣ አልኮሉ እሳት ይይዛል። መስኮት ክፈቱ።
4. ከቡና ማጣሪያ ወረቀት 2 ሳንቲም ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጣችሁ ጫፉ ፈሳሹን እንዲነካ እርሳስ ላይ ስቀሉት።
5. ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቁ፤ አረንጓዴና ቢጫ መሥመሮች ተለያይተው ይወጣሉ።

ቀለሙ ፈዝዞ ከወጣ ቅጠሉ በደንብ አልደቀቀም ወይም አልኮሉ በዝቷል ማለት ነው።

ሌላ ትምህርት በመንገድ ዳር ይጠብቃችኋል። በመስከረም በቨርጂኒያ ረግረግና የመንገድ ቦይ ዳር የሚያብበው ቢጫ አበባ ቢደንስ አሪስቶሳ ይባላል፤ አደይ አበባ ደግሞ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ናት። አንድ ወገን ናቸው። አገር ቤትን በፎቶ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ የአደይን ዘመድ በእጁ ማስያዝ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። ለእንቁጣጣሽ እቅፍ ከግል መሬት በፈቃድ ቅጠፉ፣ አንዱን ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ አድርቁት።

ደመራ ከቤት ርቆ

ትልቁ ደመራ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሚቻለው ሰው እዚያው ይድረስ። ካምፕ ወይም ካቢን ላይ ከሆናችሁ እሳቱ በተፈቀደው የእሳት ቦታ ብቻ ይነድዳል። ብዙ አውራጃዎች የሚከተሉት የእሳት ደንብ ያለ ፈቃድ የሚነድ እሳት ወርዱ ከ90፣ ቁመቱ ከ60 ሳንቲም እንዳይበልጥና ከሕንፃ 7.6 ሜትር እንዲርቅ ያዛል፤ የአካባቢውን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስለዚህ ምሰሶ አይተከልም። ቀጫጭን እንጨት ጫፍ ለጫፍ አስደግፋችሁ 50 ሳንቲም ያህል አቁሙ፣ አናቱ ላይ የእንጨት መስቀልና ቢጫ አበባ እሰሩ፣ ጸሎትና ዝማሬው ይድረስ፣ ሦስት ጊዜ ተዞሮ ይለኮስ። ችቦ ለትልልቆቹ ብቻ ነው። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ የልጆች ነጠላ ወገባቸው ላይ ይታሰር።

እንጨት ከቤት ጭናችሁ አትሂዱ፤ ዛፍ የሚያደርቁ ነፍሳት በማገዶ ስለሚዛመቱ እዚያው የሚሸጠውን ግዙ። ሁለት ባልዲ ውሃ ከመለኮሱ በፊት አጠገቡ ይቀመጥ። ሲያበቃ ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ ድገሙ፤ አመዱ ለእጅ ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ ማንም ወደ መኝታ አይግባ።

ቡና የሚቆላውም ውጭ ነው። ካቢን ውስጥ መቁላትና ዕጣን ማጨስ የጭስ አላርሙን ያስጮሃል፣ የጽዳት ክፍያም ያስከትላል፤ አላርሙን መሸፈን ደግሞ ለተኙ ልጆች አደጋ ነው። ቤት የተቆላ ቡና ይዛችሁ በረንዳ ላይ በቡቴን ምድጃ አፍሉት። ካቢን ስትከራዩ የሰው ብዛት ሲጠየቅ ሕፃኑንም ቁጠሩ፤ የተፈቀደው ቁጥር ካለፈ በር ላይ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ሲመለሱ

ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሰዓት 11 ሰዓት ገደማ ይመሻል፣ አጋዘኖችም በዚህ ወቅት ምሽት ላይ መንገድ በብዛት ያቋርጣሉ። ገጠሩን በብርሃን ለመውጣት ከተራራው 9 ሰዓት ላይ ተነሡ። አንዱ አጋዘን ካለፈ ሁለተኛው ይከተላል ብላችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ መሪ ጠምዝዞ ከመሸሽ ፍሬን መያዝ ይሻላል።

የተጻፉት ገጾች በዚያው ሳምንት ይለቀሙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባለ ሦስት ቀለበት ፋይል፣ በትምህርት ዓይነት የተከፋፈለ፤ ከላዩ የቦታው ስምና ቀን፣ ከታች ልጁ በራሱ ቃል የጻፋቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች። መጻፍ ያልጀመረው ይንገራችሁ፣ እናንተ ጻፉለት። እስከ ሐምሌ የሚቆይ ክምር ያለ ቀንና ያለ ስም ይቀራል፣ ገምጋሚዋ ስትጠይቅም የትኛው የማን ሥራ እንደሆነ አይለይም።